ለጣና ደሴቶች የሶላርና የደን ጥበቃ ድጋፍ፦ ከማገዶ ሚዛን እስከ ባትሪ መተኪያ

«ሶላር ከገባ የደሴቷ ደን ይተርፋል» ብሎ ፕሮፖዛል ላይ መጻፍ ቀላል ነው። ጉዳዩን የሚያውቅ ገምጋሚ ግን እዚያው ላይ ጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። የጣና ደሴቶችን ደን የሚበላው ኩራዝ ሳይሆን ምጣድ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ከዚህ በታች ለ60 አባወራ የምናሰላው ሥርዓት ኢንቨርተሩ (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) 8 ኪሎዋት ነው፤ ሁለት ምጣድ አንድ ጊዜ ከተሰካ 7ቱን ይወስዳል፣ የቀረው መንደር ይጨልማል። ስለዚህ ለትንሽ ደሴት ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ስሌት ይዞ መቅረብ አለበት፤ አንዱ በኪሎዋት ሰዓት፣ ሌላው በኪሎ እንጨት። በጀቱም ለሁለቱ ይከፈላል።

እዚህ የምንጽፈው ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰበት የደሴት መንደር ነው። ጣና ላይ ወደ 37 ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ደቅ ነው፣ ሌሎቹ ብዙዎቹ ገዳማት ያሉባቸው ትናንሽ ናቸው። ቁጥሮቹ ማሳያ ናቸው፤ የእናንተን መንደር ቆጥራችሁ ተኩባቸው።

መጀመሪያ እንጨቱን መዝኑ

የሚያስፈልገው 50 ኪሎ የሚችል የስፕሪንግ ሚዛን፣ ገመድ፣ ደብተርና ሁለት ትዕግሥተኛ ልጆች ነው። ቢያንስ 30 ቤት በዕጣ ምረጡ። ጠዋት ቤቱ ያለውን እንጨት በሙሉ መዝናችሁ አንድ ጥግ ላይ አስቀምጡ፤ «ከዚህ ብቻ አንድዱ» በሉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የቀረውን መዝኑ፣ የተጨመረ ካለም ጻፉ። ይህን ሰባት ቀን ሙሉ ድገሙት። ሦስት ቀን የሚበቃ ይመስላል፤ ግን እንጀራ የሚጋገረው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ስለሆነ አጭር ልኬት የጋገራውን ቀን ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ደጋግሞ ይቆጥረዋል። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን «ተጋገረ» ወይም «አልተጋገረም» ብላችሁ ምልክት አድርጉ፤ ስንት ተመጋቢ እንደነበረም ጻፉ። የንግሥ፣ የሠርግና የተዝካር ሳምንት ለልኬት አይሆንም። ገዳም ካለ የማዕድ ቤቱን ለብቻው መዝኑ፤ ለብዙ ሰው የሚያበስል ቤት ከአባወራ ጋር ከተደባለቀ አማካዩን ያበላሸዋል።

ከሚዛኑ የማያንስ ጥያቄ አለ፦ እንጨቱ ከየት ይመጣል? ከደሴቷ ደን፣ ከጓሮ ባሕር ዛፍ ወይስ ከየብስ በጀልባ ተገዝቶ? ብዙ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ከደረቀና ከወደቀ በቀር ርጥብ መቁረጥ ክልክል ነው። እንጨቱ ከየብስ የሚገዛ ከሆነ ምድጃው የሴቶችን ድካምና የቤቱን ወጪ ይቀንሳል እንጂ የደሴቷን ደን አተረፈ ማለት አይቻልም። ይህን ለይቶ የጻፈ ፕሮፖዛል ይታመናል።

ማሳያ፦ 60 አባወራ በቀን በአማካይ 5 ኪሎ ቢያነዱ 300 ኪሎ፣ በዓመት 110 ቶን ገደማ ይሆናል። ከዚህ ግማሹ ለጋገራ ከሄደና ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ የጋገራውን እንጨት በግማሽ ከቀነሰ ትርፉ በዓመት 27 ቶን ገደማ ነው። ይህ ግን ሁሉም ቤት ምድጃውን ሁልጊዜ ሲጠቀምበት ነው። በቁጥሩ ላይ «70 በመቶው ቤት ቢጠቀምበት» የሚል ቅናሽ አድርጋችሁ 19 ቶን ብላችሁ ጻፉ። ኋላ ሪፖርት ላይ ከማፈር ይሻላል።

ቀጥሎ መብራቱን አስሉ

ምኞትን ሳይሆን መሣሪያን ቁጠሩ። ዋቱን በሰዓት አባዙ።

ለ60 ቤት በአማካይ 200 ዋት ሰዓት ብትመድቡ (ሦስት የ7 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት፣ ስልክ፣ ራዲዮ፣ ለአንዳንዱ ትንሽ ቴሌቪዥን) 12 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ከአምስት ላፕቶፕ ጋር 1.3፣ ጤና ኬላ 0.75፣ የቤተ ክርስቲያን መብራት 0.35፣ ሁለት የዓሣ ማቀዝቀዣ ሳጥን 2.4። ድምሩ በቀን 16.8፤ 17 በሉት። ወፍጮ የለበትም። ወፍጮ ከታከለ ስሌቱ ሌላ ፕሮጀክት ይሆናል፤ ቀን ቀን ብቻ የሚሠራ የራሱ ፓነል ይሰጠው።

የክትባት ማቀዝቀዣንም እዚህ ድምር ውስጥ አታስገቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ብቁ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፓነል የሚሠራ ዓይነት አለ፤ የራሱ ፓነል ይኑረው፣ ከዚያ ፓነል ስልክ ቻርጅ ማድረግም ይከልከል። ክትባት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ «ትንሽ» ቅጥያ ነው።

የዓሣ ማቀዝቀዣው ነገር ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። ዓሣ አጥማጁ ገበያ እስኪያገኝ ዓሣው አይበላሽበትም፤ ጥሩ ነው። ግን ማስቀመጫ ሲገኝ መረብ ይበዛል። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙት የጣና ላቤኦባርበስ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ በወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ እናቶቹን ይጨርሳል። ማቀዝቀዣ የምትጠይቁ ከሆነ በእነዚያ ወራት ወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዳይጣል የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የፈረመበት ስምምነት አብሮ ይያያዝ። ያለዚያ በአንድ እጅ ጥበቃ፣ በሌላው ጥፋት እየጠየቃችሁ ነው።

ፓነል፣ ባትሪ፣ ኢንቨርተር

ፓነል የሚሰላው በጥር ፀሐይ አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ፒቪጂአይኤስ የሚባል ነጻ ማስያ አለው፤ የደሴቷን ቦታ ካርታው ላይ ነክታችሁ የየወሩን ፀሐይ አውጡ። ዝቅተኛው ወር 4.5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ቢሰጥ፦ 17 ሲካፈል ለ0.75 (የሽቦ፣ የሙቀት፣ የአቧራና የባትሪ ብክነት) 22.7፤ ለ4.5 ሲካፈል 5 ኪሎዋት። ለዕድገት 30 በመቶ ስትጨምሩ 6.6። በ450 ዋት ፓነል 15 ይበቃል፤ እኩል ሁለት መስመር እንዲሆን ግን 16 ግዙ፣ ስምንት ስምንቱን በተከታታይ አያይዙ። የአንዱ ፓነል ክፍት ቮልቴጅ (ምንም ሳይሰካበት የሚያሳየው) 50 ከሆነ መስመሩ 400 ቮልት ነው፤ በ10 ዲግሪ ጠዋት ላይ 416 ገደማ ይደርሳል። ኢንቨርተሩ የሚችለው ከዚህ በላይ መሆኑን ሳታዩ አትግዙ። ብርድ ቮልቴጅን ከፍ እንደሚያደርግ የዘነጋ ጫኚ ኢንቨርተሩን በመጀመሪያው ብርዳማ ማለዳ ሊያቃጥለው ይችላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ብዙ ኢንቨርተር እስከ 2,000 ሜትር ሙሉ ኃይል ይሰጣል፣ ከ1,000 ጀምሮ የሚቀንስም ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት የመሣሪያውን መግለጫ ወረቀት አንብቡ።

ፓነሉን ወደ ደቡብ አዙሩ፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉ። ዘንበል ካላለ ዝናቡ አያጥበውም፣ የወፍ ኩስም ይደርቅበታል።

ባትሪ፦ ማታ የሚበላው 12 ኪሎዋት ሰዓት ነው እንበል። ለደመናማ ቀን ግማሽ ስንጨምር 18፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት እስከ 80 በመቶ ስለሚራገፍ 22.5፤ የኢንቨርተር ብክነት ሲጨመር 24። 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ አምስት ባትሪ 25.6 ይሰጣል። በአሲድ ባትሪ ይሁን ካላችሁ ከግማሽ በላይ ስለማይራገፍ ወደ 40 ኪሎዋት ሰዓት መግዛት ነው፤ ሲገዛ ርካሽ፣ ሲተካ ውድ ነው፤ ደግሞ ክብደቱን ጀልባ ላይ አስቡት።

ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የሚሄደው ሽቦ ቀልድ አያውቅም። 8,000 ዋት ሲካፈል ለ48 ቮልት 167 አምፒር ነው። 70 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ፣ አጭር፣ መጨረሻው በፕሬስ የታሰረ፣ ባትሪው አጠገብ የ250 አምፒር ፊውዝ። የላላ ማሰሪያ ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይነዳል፤ በየሦስት ወሩ እጅ ሳይሆን መፍቻ ይንካው።

ለማከፋፈያ መስመር አልሙኒየም ይበቃል፤ ቀጭን ግን አይሁን። 300 ሜትር ርቆ 14 አምፒር ለሚስብ ሰፈር 16 ካሬ ሚሊሜትር ብትዘረጉ 16 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ35 ካሬ ሚሊሜትር 7 ቮልት ብቻ። ከ400 ሜትር በላይ ተነጥሎ ለሚኖር ቤት መስመር ከመጎተት ለብቻው የቤት ሶላር መስጠት ይረክሳል።

መብረቅ አለ። ደሴቶቹ ጥቁር ድንጋይ ስለሆኑ የመሬት ዘንግ (የመብረቁን ኃይል ወደ አፈር የሚያወርደው ብረት) ሁለት ሜትር አይገባም፤ ጫኚው ቆርጦ አጭር ያስቀረዋል፣ ማንም አያይም። መዳብ ቆርቆሮ በአግድም ርጥብ አፈር ውስጥ ቀብራችሁ ሦስት አጫጭር ዘንጎችን አያይዙ፤ በመለኪያ ከ10 ኦም በታች መሆኑ ሳይታይ የርክክብ ሰነድ አይፈረም። የመብረቅ መከላከያው በፓነሉም በመስመሩም በኩል ይግባ።

የት ይተከል?

የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡ በዝግጅቱ ላይ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ዋና ጥብቅ ክልል፣ መከለያ ክልልና የልማት ክልል ተብሎ ተከፍሏል። ቦታችሁ የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ካርታ አያይዙ። ለሶላር ብሎ ዛፍ መቁረጥ ከመጀመሪያው ውድቅ ያስደርጋል፤ ትምህርት ቤት ጣሪያ ወይም ጥላ የሌለው ግጦሽ ፈልጉ። ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወይም ግቢው ውስጥ ምሰሶ መትከል ከታሰበ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቀው አዋጅ 209/1992 አለ፤ ጣሪያውን ባትነኩት ይሻላል።

ዳር ዳሩን የደንገል ረግረግ ላይ በምሰሶ የተሰቀለ የኤሌክትሪክ ሽቦ አትዘርጉ፤ ትላልቅ ወፎች በጭጋግ ይጋጩበታል። የጋላፓጎስ ደሴት ሳን ክሪስቶባል ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ጄሲካ የተባለች መርከብ ነዳጅ ስትደፋ፣ የዓለም ትላልቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ስብስብና የተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ አድርገው በ2007 ሦስት የ800 ኪሎዋት የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ። የተተከሉት ነፋሱ በጣም በሚበረታበት ኮረብታ አልነበረም፤ ለመጥፋት የተቃረበው የጋላፓጎስ ፔትረል ወፍ ጎጆ የሚሠራበትና የሚያልፍበት ስለነበር ወደ ኤል ትሮፔዞን ዞሩ። ጥቂት ነፋስ ጠፋ፤ ፕሮጀክቱ ግን እውን ሆነ።

ማንን እንጠይቅ?

ለመንደር መጠን የሚስማማው በር የዓለም የአካባቢ ፋሲሊቲ አነስተኛ የድጎማ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በተመድ የልማት ፕሮግራም በኩል ሲሠራ ቆይቷል፤ ገንዘቡን የሚሰጠው በቀጥታ ለማኅበረሰብና ለአገር በቀል ድርጅት ነው። የአንድ ድጎማ ጣሪያ ለረጅም ጊዜ 50,000 ዶላር ነበር፤ የወቅቱን ጣሪያ ከጥሪው ላይ አንብቡ። ውሳኔውን የሚሰጠው አብዛኛው አባሉ ከመንግሥት ውጭ የሆነ ብሔራዊ ኮሚቴ ነው። የሚያየውም ሶላር መኖሩን ሳይሆን ፕሮጀክቱ ለብዝኃ ሕይወት፣ ለአየር ንብረት ወይም ለመሬት የሚያመጣውን ለውጥ ነው፤ ያ የእንጨት ሚዛን እዚህ ነው ዋጋው። ሙሉ ፕሮፖዛል ለማዘጋጀት አቅም ካጣችሁ ትንሽ የዝግጅት ድጎማ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጎማ ለግንባታና ለዕቃ ነው፤ ደመወዝና የዕለት ወጪ አይሸፍንም። ለጤና ኬላው ወይም ለትምህርት ቤቱ ክፍል ይሆናል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ያጸደቀው የ500 ሚሊዮን ዶላር የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮጀክት ሚኒ ግሪድን (ለአንድ መንደር የሚሆን የራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ መረብ) ያካትታል፤ ግን መንደር ደብዳቤ ጽፎ የሚያገኘው ገንዘብ አይደለም፣ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በኩል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ደሴቷ በእነሱ ዕቅድ ውስጥ መኖር አለመኖሯን በጽሑፍ ጠይቁ። በዓመቱ ሌላ መስመር ከመጣ የእናንተ ምሰሶ መሳቂያ ነው።

ፋይሉ ውስጥ የሚገባው

የነዋሪው ቃለ ጉባኤ ከፊርማ ጋር፤ የመሬት መጠቀሚያ ደብዳቤ፤ የገዳሙ አስተዳዳሪ ስምምነት፤ የድርጅቱ ምዝገባ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት፤ ሁለት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ፤ የወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ፤ ቢያንስ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ። የማኅበረሰቡ መዋጮ በገንዘብም በጉልበትም ይቆጠራል፤ የጉልበቱ ግን በየቀኑ የተፈረመ የመገኘት ማረጋገጫ ወረቀት ከሌለው ኦዲተር አይቀበለውም። ድንጋይ የተሸከመ፣ አሸዋ ያመጣ፣ ጀልባ ያዋሰ ሁሉ ያን ዕለት ይፈርም።

ለጋሾች የሴቶችን ተሳትፎ ይጠይቃሉ፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ደግሞ ሴት አይገባባቸውም። ይህን አትደብቁት። የገዳሙን ሥራ ለብቻ ጽፋችሁ፣ የምድጃ ማምረቻውን፣ የችግኝ ጣቢያውንና የቆጣሪ ክፍያ ሰብሳቢነቱን ሴቶች በሚመሩበት መንደር አድርጉ። ቡድኑ ውስጥ ያለች ባለሙያም የት ድረስ እንደምትገባ አስቀድማ ትወቅ።

ገንዘቡ በክፍል በክፍል ይለቀቃል። ሁለተኛው ክፍያ የሚመጣው የመጀመሪያው ሪፖርት ከጸደቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ባትሪና ኢንቨርተር በመጀመሪያው ክፍያ ይገዙ። የፀጥታ ሁኔታ መንገድ ሲዘጋ ዕቃ ባሕር ዳር ይቀራል፤ በጊዜ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሦስት ወር ትርፍ አስቀምጡ።

ማጓጓዝ

ፓነል በታንኳ አይሄድም። ሰፊ የእንጨት ወይም የብረት ጀልባ ተከራዩ፤ ፓነሉን በጎኑ አቁሙት፣ አታንጋሉት፣ መሐሉ ካርቶን ይግባ። ባትሪ እያንዳንዱ ወደ 50 ኪሎ ነው፤ ወለሉ ላይ መሐል ለመሐል፣ በሸራ ተሸፍኖ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ያይላልና ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ከጀልባው ግርጌ የተጠለፈ እምቦጭ ካለ ከመነሣታችሁ በፊት ልቀሙት፤ ደሴቷ ላይ አምጥታችሁ እንዳትዘሩት።

ክፍያና ገደብ

ነጻ መብራት ባትሪ ይገድላል። የስኮትላንዷ የኤግ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በውሃ፣ በነፋስና በፀሐይ የራሷን መስመር ታስተዳድራለች፤ አንድ ቤት ከ5 ኪሎዋት በላይ አይወስድም፣ ካለፈ ይቋረጥበታል። እዚህ 200 ዋት ላይ የሚያቋርጥ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ አስገቡ። ቆጣሪው የማይደራደር ስለሆነ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ከአክስቱ ልጅ ጋር አይጣላም።

የታሪፉ ስሌት አጭር ነው፦ የባትሪና የኢንቨርተር ዋጋ ሲካፈል ለ120 ወር፣ ሲካፈል ለ60 ቤት፤ በዚያ ላይ የጠባቂው አበልና ጥቃቅን ጥገና። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን በብር የተቀመጠ ተቀማጭ ባትሪ የሚገዛበትን ዶላር ተከትሎ አይሄድም። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ «ታሪፉ በየዓመቱ መስከረም በወቅቱ የባትሪ ዋጋ ይከለሳል» የሚል አንቀጽ አስገቡ፤ ኋላ ሲጨመር ጭቅጭቅ ነው። የተቀማጩንም ግማሽ መለዋወጫ ዕቃ አድርጋችሁ ያዙት፤ ፊውዝ፣ ብሬከር፣ አንድ ትርፍ ባትሪ።

ምድጃውና ችግኙ

ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከጠጠር ድንጋይ በቅርጽ የሚሠራ ነው፤ አራት ቁራሽ ክብ ግድግዳና ከኋላ ጭሱ የሚወጣበት ሁለት የድስት ማስቀመጫ። ከባድ ስለሆነ ደሴቷ ላይ ይመረት፤ ቅርጹን ብቻ ውሰዱ። ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ይድረቅ፤ ተቻኩሎ የነደደበት በመጀመሪያው ወር ይሰነጠቃል። የቤቱን ምጣድ ስፋት ሳትለኩ አትሥሩ፤ ምጣዱ ጠበብ ካለ እሳቱ በዙሪያው ይወጣል፣ ቁጠባውም አብሮ ይወጣል። ለእርጥብ እንጨት ምንም ምድጃ መፍትሔ የለውም፤ ከምድጃው ጋር የእንጨት ማድረቂያ መደብ ይሠራ። በሦስተኛው ወር እየዞራችሁ አመዱን እዩ፤ ያልተነካ ምድጃ እህል ማስቀመጫ ሆኖ ይገኛል።

ችግኝ ከደሴቷ ዘር ይሁን፦ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዶቅማ፣ ሾላ። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ ተከላው በሐምሌ፤ ከብት የማይገባበት አጥር ከሌለ ግን ገንዘቡን አታባክኑ። ለጋሹ የተተከለውን ቁጥር ይጠይቃል፤ እናንተ የበጋውን አልፎ በሚቀጥለው ሰኔ የተገኘውን ቆጥራችሁ ላኩ። እንጨቱንም በዚያው ሰኔ፣ በእነዚያው 30 ቤቶች፣ በዚያው ሚዛን ዳግም መዝኑ፤ የምድጃው ቁጥር የሚታወቀው ያኔ ነው።

በበጀቱ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ አርጅተው የሚወጡ ባትሪዎችን ወደ ባሕር ዳር መመለሻ የጀልባ ኪራይ። ካልተጻፈ ሐይቁ ዳር ተጥለው ይቀራሉ።